ከላይ ብርድ ልብስ፣ ከታችስ?

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል የቀኑ ሙቀት ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሱብሒ ሲቃረብ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በፒያሳ በረንዳዎችና በሸዋ በር አካባቢ የሚያድር ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቤት ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ስስ ብርድ ልብስ ነው። ሰደቃውን አላህ ይቀበለው፤ ይሁን እንጂ ለተቀባዩ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ማሰቡ አይከፋም።

ልብስ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ከጎን በታች የሚሆነው ግን በሰውነት ክብደት ይደፈጠጣል፤ አየሩም ይወጣል። ሲሚንቶው ሌሊቱን ሙሉ የገላን ሙቀት ሲስብ ያድራል። ስለዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ቢያነጥፈው ይሻለዋል። ከሁሉ በታች እርጥበት የሚከለክል የፕላስቲክ ሸራ፣ በላዩ ሁለት ሦስት ድርብ ካርቶን ወይም ጭድ የተሞላ ጆንያ ከተነጠፈ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ ጦርነት ሸሽተው በደሴ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉት ወገኖች ጣራ አግኝተው ነበር፤ ወለሉ ግን ያው ወለል ነው።

የወሎ እናቶች ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁታል። አጎዛና ጀንዲ ለምን ተነጠፈ? ዛሬ የቆዳ ዋጋ በመውደቁ ከዐረፋ በኋላ የበግ ቆዳ በየቦዩ ተጥሎ ይሸታል። የኡድሒያን ቆዳ፣ አብዛኞቹ ዑለሞች እንደሚሉት፣ መሸጥ አይፈቀድም፤ ለአራጅም በደመወዝ አይሰጥም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰይዲና ዐሊን ሥጋውንም ቆዳውንም ለሰደቃ እንዲያከፋፍሉ አዘዋቸዋል። እንግዲህ በዕለቱ ሥጋና ሞራው ተፍቆ፣ በጨው ታሽቶ፣ ጥላ ውስጥ ተወጥሮ ቢደርቅ ለበረንዳ አዳሪ የሚሆን ፍራሽ ነው። በየመስጊዱ ጥቂት ወጣቶችና ጥቂት ኩንታል ጨው ይበቃሉ።

ከላይ ለሚለበሰው፣ ጋቢ ደረቅ ሲሆን መልካም ነው፤ ጤዛ ሲያርሰው ግን ይቀዘቅዛል። ከሱፍ የተሠራ ባና እርሶም ቢሆን ከጥጥ የተሻለ ይሞቃል። ኮፍያና ደረቅ ካልሲ በርካሽ የሚገኙ ናቸውና አይረሱ። በላስቲክ ተሸፍኖ ከሰል ማንደድ ግን ሳይሰማ የሚገድል ጭስ አለውና ለሚያድሩት ሁሉ በግልጽ ይነገራቸው።

25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱም ለዘብ ይላል። እዚያ ክረምት ሲወጣ የሚያስቸግረው የወባ ትንኝ ስለሆነ ከብርድ ልብሱ ጋር አጎበር መጨመር ያስፈልጋል።

ለሱብሒ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን አቁሞ አፉ ከተሳሰረ ዳነ ማለት አይደለም፤ ባሰበት እንጂ። እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ መጠቅለል፣ ከሲሚንቶው ማንሳት፣ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ መስጠት፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።