መስፈርትን ማሟላትና ደህንነት፦ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች የነዳጅ ማጠራቀሚያ አቀማመጥ (እ.ኤ.አ. 1973–1987)

በጋራዥ ቋንቋ ሰልባቲዮ የሚባለው የነዳጅ ማጠራቀሚያ በተሽከርካሪ ንድፍ ውስጥ የሚቀመጥበት ስፍራ በግጭት ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ይወስናል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1987 በሸቭሮሌትና በጂ.ኤም.ሲ ስም ያመረተው የፒክአፕ ትውልድ ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው።

እስከ 1972 ድረስ በነበረው ትውልድ ማጠራቀሚያው በጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ነበር። አዲሱ ንድፍ ነዳጁን ከተሳፋሪው ክፍል አስወጣ፤ ይህም በራሱ መሻሻል ነበር። በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መካከል ያለውን ቦታ ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው ዘንግና የጭስ ማውጫው ስለሚጋሩት፣ ማጠራቀሚያው ከሻንሲው ውጭ በጎን ተሰቀለ። ገዢው በቀኝና በግራ ሁለት ማጠራቀሚያዎችን ማዘዝ ይችል ስለነበር፣ ተሽከርካሪው ያለ ተጨማሪ ነዳጅ የሚጓዘው ርቀት ጨመረ።

ችግሩ የሚታየው በጎን ግጭት ነው። ጠንካራው የሻንሲ ብረት ከማጠራቀሚያው በስተውስጥ ሲቀር፣ ከውጭ የሚከልለው በዋናነት የአካሉ ላሜራ ነው። ስለዚህ ማጠራቀሚያው በገጪው ተሽከርካሪና በሻንሲው መካከል ሊጨመቅ ይችላል።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የጸናው የፌዴራል ደንብ ቁጥር 301 የጎን ግጭትን የሚፈትነው በሰዓት 20 ማይል (32 ኪ.ሜ ገደማ) ነበር። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ክብደቱ እኩል የሆነ አካል በ50 ማይል ሲጋጭ የሚሸከመው ጉልበት ከ20 ማይሉ 6.25 እጥፍ ይሆናል። በአውራ ጎዳና ላይ የሚያጋጥመው ፍጥነት ደግሞ ለሁለተኛው ይቀርባል።

ክርክሩም ያተኮረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ኩባንያው መኪኖቹ በሥራ ላይ የነበረውን ደንብ ማሟላታቸውን ጠቅሶ ጉድለት የለባቸውም አለ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ፌዴሪኮ ፔኛ በጥቅምት 1994 (እ.ኤ.አ.) መኪኖቹ የደህንነት ጉድለት አለባቸው የሚል የመጀመሪያ ውሳኔ አሳወቁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ኩባንያው ለደህንነት ፕሮግራሞች ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመስጠት ሲስማማ፣ መኪኖቹ ግን ለጥገና አልተጠሩም። በአገልግሎት ላይ የቀሩትም ከነአቀማመጣቸው መጓዛቸውን ቀጠሉ።

በ1988 ሞዴል የቀረበው ተተኪ ትውልድ ማጠራቀሚያውን በሻንሲ ብረቶቹ መካከል አስቀመጠ። ይህም የቦታው እጥረት በንድፍ ሊፈታ የሚችል እንደነበር ያመለክታል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛ፣ አንድን አደጋ ማስወገድ አደጋውን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር እንዳይሆን፣ የግጭት ኃይል የሚያልፍበት መስመር ከንድፉ መነሻ ጀምሮ ሊጠና ይገባል። ሁለተኛ፣ ደንብ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ወለል ነው፤ መሐንዲሱ ግን የሚጠየቀው ተሽከርካሪው በእውነተኛው መንገድ ላይ ለሚገጥመው ሁኔታ ነው።