ደዌን ስለ መሰወር የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው የዓይኑን ወይም የጥርሱን ሕመም በአደባባይ ይናገራል፤ በአባለ ዘሩ የያዘውን ደዌ ግን ከሚስቱም ከሐኪሙም ይሰውራል። ይህም ትምህርት የተጻፈው እንዲህ ያለውን ደዌ ለይተህ እንድታውቅና ዕፍረት ከፈውስ እንዳያስቀርህ ነው።

የእነዚህ ደዌዎች መነሻ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ናቸው። በጨረቃ ብርሃን የሸና ወይም በጋለ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ጨብጥ ይይዘዋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የጨብጥን ባክቴሪያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1879 ዓመት ኔይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አገኘው፤ የቂጥኝንም በ1905 ዓመት ሻውዲንና ሆፍማን በበርሊን አገኙት። የሚተላለፉትም ደዌው ካለበት ሰው ጋር በሚደረግ ሩካቤ፤ ደግሞም ከእናት ወደ ልጅ ነው።

ጨብጥ በወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይገለጣል፤ ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ መግልም ይወጣዋል። በሴት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ወደ ማሕፀንዋ ይዘልቃል፤ መካን እስከ ማድረግም ይደርሳል። በወሊድም ጊዜ የሕፃኑን ዓይን ይይዛል፤ ቶሎ ካልታከመ ያሳውራል። ክላሚዲያ የሚባለውም ደዌ ይህንኑ ይመስላል፤ ነገር ግን ምልክቱ ከጨብጥ ይልቅ የተሰወረ ነው።

ቂጥኝ ከሁሉ ይልቅ አታላይ ነው። ከ3 ሳምንት ያህል በኋላ ሥቃይ የሌለበት ቍስል ይወጣል፤ ሳይታከምም በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። ሕመምተኛውም ድኛለሁ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ደዌው ግን በደሙ ውስጥ አለ። ቀጥሎ በገላው፤ በመዳፉና በውስጥ እግሩም ሳይቀር ሽፍታ ይወጣል፤ ያም ይጠፋል። ከብዙ ዓመት በኋላም ልብን፤ አንጐልንና ዓይንን ሊያበላሽ ይችላል። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲሆን ጽንሱ ሞቶ ሊወለድ ይችላል። ቍስሉ የሚያም ሆኖ ብሽሽት ቢያብጥ ከርክር የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ግን ሐኪም ነው።

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር ብዙ ጐልማሶች ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ፤ የበርበሬ ነጋዴውና ሹፌሩም በየመንገዱ ያድራሉ። ከቤቱ ርቆ የወደቀ ሰው ቍስሉ ሲደርቅ ደኅና ነኝ ብሎ ይመለሳል፤ ቤትዋን በታማኝነት የጠበቀች ሚስቱም ያላመጣችውን ደዌ ትቀበላለች። ጽንስ ሲወርድባት ወይም ስትመክን በእርስዋ ይፈረድባታል፤ እርሱም እያወቀ ዝም ይላል። ወንድሜ ሆይ፤ ዝሙት ኃጢአት ነው፤ ንጹሕን ሰው በዝምታ መጕዳት ግን በእርሱ ላይ የሚጨመር ሌላ ኃጢአት ነው። ስለዚህም ይህ ደዌ የያዛትን ሴት አይተህ አትፍረድባት።

የሶርያው የሠራዊት አለቃ ንዕማን ለምጹን ሸሽጎ በቤቱ ቢቀር ኖሮ ባልነጻ ነበር፤ የብላቴናዪቱን ምክር ሰምቶ ስለ ሄደ ግን ተፈወሰ። ለአንተም ፈውስ አለ። ፔኒሲሊንን ፍሌሚንግ በ1928 ዓመት አገኘው፤ በ1943 ዓመትም ማሆኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ4 የቂጥኝ ሕመምተኞች ላይ ሞክሮ መድኃኒትነቱን አሳየ፤ እስከ ዛሬም የቂጥኝ ዋና መድኃኒት እርሱ ነው።

እንግዲህ ምልክት ብታይ ወይም ብትጠራጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሆስፒታል፤ በገጠርም ብትሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ደምህንም አስመርምር። እንዲህ ያለ ቍስል ለኤች አይ ቪም በር ይከፍታልና እርሱንም አብረህ ተመርመር። ኪኒን በግምት ገዝተህ አትዋጥ፤ የጨብጥ ባክቴሪያ ብዙ መድኃኒቶችን ተላምዶአልና። ጸሎትህን አትተው፤ የታዘዘልህንም መድኃኒት አታቋርጥ። ለሚስትህ እውነቱን ንገራት፤ አብራችሁም ታከሙ፤ ሐኪሙም እስኪፈቅድላችሁ ድረስ ከሩካቤ ተከልከሉ። እኅቴ ሆይ፤ አንቺም በጸነስሽ ጊዜ ሳትዘገዪ ደምሽን አስመርምሪ፤ ቂጥኝ በጊዜ ከታከመ ሕፃኑ ይድናልና።