«ሞርታር» የሚለው ቃል በንግድ ሰነድ ላይ ያለው ልዩ ልዩ ትርጉም

ከውጭ አገር በሚመጣ የዋጋ ዝርዝር ላይ አንድ ቃል ልዩ ልዩ ዕቃን ሊያመለክት ይችላል። ነጋዴው ይህን ሳይለይ ቢያዝዝ የሚደርስበት ኪሣራ ቀላል አይደለም። ከእነዚህም ቃላት አንዱ «ሞርታር» ነው።

የቃሉ ምንጭ ላቲን ሲሆን፣ ሮማውያን «ሞርታሪዩም» ሲሉ መውቀጫውንም ዕቃ፣ በውስጡ የሚደባለቀውንም ነገር ይጠሩበት ነበር። ከዚሁ ዋና ዋና የሆኑ ሦስት ትርጉሞች ወጥተዋል።

1ኛ/ ሙቀጫ፤ ቡናና ቅመም በዘነዘና የሚወቀጥበት ነው። በዓለም አቀፉ የቀረጥ መለያ ደንብ የእንጨት የወጥ ቤት ሙቀጫ በቁጥር 44.19፣ ለቤተ ሙከራ የሚሆነው የሸክላና የፖርሴሊን ሙቀጫ በ69.09 ይመደባል።

2ኛ/ የግንበኛ ማያያዣ፤ አሸዋ ከኖራ ወይም ከስሚንቶ ጋራ በውሃ ተቦክቶ ድንጋይና ጡብ የሚያያዝበት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የታነጸው የጎንደር ቤተ መንግሥት ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ከአየር ጋራ ተዋሕዶ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ስሚንቶ ግን ውሃ ሲነካው ይጠነክራል። ስለዚህ ደረቁ ተደባልቆ በከረጢት የሚመጣው፣ እርጥበት ካገኘው ገና በመጋዘን ሳለ ይበላሻል። ተራው በ3824.50፣ ለእቶን የሚሆነው እሳት የሚችለው ዐይነት በ38.16 ይመደባል፤ ተራው በእቶን ሙቀት ስለሚሰነጠቅ አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም።

3ኛ/ የጦር መሣሪያ፤ አጭርና አፈ ሰፊ በመሆኑ ሙቀጫን ስለ መሰለ ስሙን ወረሰ። ቁጥሩ 93.01 ነው፤ የመንግሥት ጉዳይ እንጂ የሱቅ ሸቀጥ አይደለም። ስለዚህ «ሞርታር» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሰነድ በጉምሩክ ጥያቄ ቢያስነሣ አያስደንቅም።

ከዚህም በቀር በዛሬው የንግድ ጽሑፍ «ብሪክ ኤንድ ሞርታር» የሚለው ሐረግ በኢንተርኔት ሳይሆን በሱቅ ተቀምጦ የሚሸጥ ነጋዴን ያመለክታል፤ የሕንፃ ዕቃ ሻጭ ማለት አይደለም።

እንግዲህ አስመጪው በማዘዣው፣ በኢንቮይሱና በዲክላራሲዮኑ ላይ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ መጠኑም በፍሬ ወይም በኪሎ መሆኑን በአንድ ዐይነት ቃል ማስጻፍ ይገባዋል። በባንክ መተማመኛ ሰነድ በሚፈጸም ግዢ ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አይደለምና፣ በቃል አሻሚነት የመጣ ስሕተት የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ሊሆን ይችላል።