ቀድመውኝ የተመረቁትን ጠበቃ እንዴት ምክር ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ በሕግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በአንድ ድርጅት ጀማሪ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ከተማርሁበት ኮሌጅ ቀድመውኝ የተመረቁ አንዲት ታዋቂ ጠበቃ አሉ። ምክራቸውን እፈልጋለሁ፤ ሥራ እንዳላስፈታቸው ግን እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ግን አትዘግዪ። ሥራ የሚበዛበትን ሰው የሚያስጨንቀው ወሰን የሌለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ «መካሪ ይሁኑኝ» ከማለት፣ «እርስዎ የተመረቁበት ኮሌጅ ተመራቂ ነኝ፤ ጥብቅና ልጀምር ወይስ በድርጅት ልቆይ የሚለውን ለመወሰን 20 ደቂቃ ቢሰጡኝ» ብለሽ ጻፊላቸው። ሦስት ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ፤ በሰዓቱ ጨርሺ። ምክራቸውን ምን ላይ እንዳዋልሽው በኋላ አሳውቂያቸው። ምክሩ ፍሬ ሲያፈራ ያየ ሰው ደግሞ ለመምከር አይሰስትም። የምታማክሪያቸው ስለያዝሽው ጉዳይ ከሆነ ግን የድርጅትሽን ምስጢር ጠብቂ።

ከሙያው ውጪ ያለውንም ጠይቂ። ለምሳሌ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከፈቃድ ስትመለሺ ለሌላ የተሰጠብሽን ሥራ እንዴት እንደምታስመልሺ የምትነግርሽ ግን በዚያ ያለፈች ሴት ናት።

አንድ መካሪ ብቻ ላይ አትንጠልጠዪ። እነ መዓዛ አሸናፊ በ1995 እ.ኤ.አ. የመሠረቱትን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ቅረቢ፤ ከእኩዮችሽና ጥቂት ከሚቀድሙሽም ጋር በየወሩ ተገናኚ። በሁለት ዓመት የሚበልጥሽ ሰው የትናንቱን የሥራ ቃለ መጠይቅ አልረሳውም። ለጠበቃዋም ዛሬውኑ ጻፊላቸው።