ቃል ስለ ምን ሥጋ ሆነ? የአትናቴዎስን ጥንታዊ መጽሐፍ ለሚያነቡ የተዘጋጀ ትምህርት

ከትምህርቱ በፊት የሚነበብ፦ ዮሐንስ 1፥1-14፤ ዕብራውያን 2፥14-15፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15

ሐዋርያው ጴጥሮስ፥ የተስፋችንን ምክንያት ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት ዝግጁዎች እንድንሆን ያዝዘናል፤ መልሳችንም ትሕትናና አክብሮት እንዳይለየው ያሳስበናል። ይህ ትእዛዝ ለቄሶችና ለወንጌላውያን ብቻ የተሰጠ አይደለም። በትምህርት ቤት የሚውለው ልጅ፥ በገበያ የምትነግደው እናት፥ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግለው ሰው፥ እያንዳንዳቸው አንድ ቀን ይጠየቃሉ። ከሚቀርቡላቸውም ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር ሁሉን የሚችል ከሆነ፥ ኃጢአታችንን በአንድ ቃል ይቅር ብሎ ሊተወው አይችልምን? ሰው መሆን፥ ከዚያም አልፎ በመስቀል ላይ መሞት ስለ ምን አስፈለገው?

ጥያቄውን የሚያነሣው አንዳንድ ጊዜ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሰ የገዛ ልጃችን ነው። ጠያቂውን «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ብለን ዝም ብናሰኘው ጥያቄው አይሞትም፤ ከእኛ ርቆ ሌላ መልስ ሰጪ ይፈልጋል እንጂ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ በአራተኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የተጻፈ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አለ። እርሱም የእስክንድርያው አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈው ነው። ምዕራፎቹ 57 ቢሆኑም እያንዳንዳቸው አጫጭር ናቸው። በዚህ ትምህርት ስለ መጽሐፉ፥ ስለ ጸሐፊውና የዛሬ አንባቢ ከእርሱ ስለሚያገኘው ጥቅም በአጭሩ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሮጌ መጽሐፍ ስለ ምን እናነባለን?

በ1944፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፥ ይህ መጽሐፍ በአዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሞ ወጣ። በኦክስፎርድ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ሲ. ኤስ. ሉዊስ መቅድም ጻፈለት። በመቅድሙም፥ አንድ አዲስ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሌላ አዲስ ከመጀመሩ በፊት አንድ አሮጌ መጽሐፍ እንዲያነብ ይመክራል። ምክንያቱንም ሲገልጥ፥ እያንዳንዱ ዘመን አጥርቶ የሚያየው እውነት እንዳለው ሁሉ የሚስትበትም ስሕተት አለው፤ በአንድ ዘመን የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ቢከራከሩ እንኳ ሳያውቁት በአንድ ስሕተት ይተባበራሉ ይላል። የጥንት ሰዎችም ይሳሳቱ ነበር፤ ስሕተታቸው ግን የእኛን አይመስልምና የእኛን ሊያሳየን ይችላል።

በጭስ ቤት የሚኖር ሰው ጭሱን ለምዶታልና አያስተውለውም፤ ከውጭ የገባ እንግዳ ግን ወዲያው ያስለዋል። የጥንት መጽሐፍም ወደ ዘመናችን ቤት እንደ ገባ እንግዳ ነው።

ጸሐፊው ማን ነበረ?

አትናቴዎስ በግብፅ አገር በእስክንድርያ አደገ። በ303 በንጉሠ ነገሥቱ በዲዮቅልጥያኖስ የታዘዘው ስደት በግብፅ ክርስቲያኖች ላይ ሲበረታ እርሱ ገና ልጅ ነበረ፤ ስለዚህ ስለ ሰማዕታት ሲጽፍ የሚናገረው በራሱ የሕይወት ዘመን ስለ ሆነው ነገር ነው። በ325 የኒቅያ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ዲያቆን ሆኖ ጳጳሱን እለእስክንድሮስን ተከትሎ ሄደ። በ328 በእርሱ ፋንታ ተሾመ፤ እስከ ሞተበት እስከ 373 ድረስም በዚህ ሹመት ኖረ። ከሹመቱም ዘመን አሥራ ሰባት ዓመት ያህሉን፥ አምስት ጊዜ ከመንበሩ እየተሰደደ፥ በግዞትና በመሸሸግ አሳለፈ። በ367 ለአብያተ ክርስቲያናት በላከው የፋሲካ መልእክት ውስጥ ዛሬ በእጃችን ያሉትን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘርዝሮ ጽፏል።

ለአገራችን ሰው ይህ ስም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሚገኙት ቅዳሴዎች አንዱ በስሙ ይጠራል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ወደ አክሱም የላከው እርሱ ነው። ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢዎስ አትናቴዎስን ሲያሳድደው፥ ፍሬምናጦስ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይመለስ ዘንድ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ያ ደብዳቤ ለእኛ የደረሰው አትናቴዎስ ራሱ በጻፈው የመከላከያ መጽሐፍ ውስጥ ገልብጦ ስላኖረው ነው። እንግዲህ መጽሐፉን ስናነብ፥ ወንጌል በአክሱም ሲተከል ድርሻ የነበረውን ሰው ቃል እንሰማለን።

የመጽሐፉ ዋና አሳብ

አትናቴዎስ መልሱን ከቤተ ልሔም አይጀምርም፤ ከፍጥረት ይጀምራል። ሰው ከምንም ተፈጠረ፤ የቆመውም በባሕርዩ ጽናት ሳይሆን፥ እግዚአብሔር በቃሉ አማካይነት መልኩን ስላካፈለው ነው። ሰው ከሕይወቱ ምንጭ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ግን ወደ መጣበት ወደ ምንም ይመለስ ጀመር፤ ሞትና መበስበስም ሠለጠኑበት።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ፊት ለፊት ቆሙ ይላል። 1ኛ፥ ኃጢአት የሠራ እንደሚሞት እግዚአብሔር ተናግሯል፤ እግዚአብሔርም ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም። 2ኛ፥ በመልኩ የፈጠረው ሰው ጠፍቶ ሲቀር ዝም ብሎ ማየት ለቸርነቱ አይገባም። ታዲያ ምን ይደረግ? ንስሐ አይበቃምን? አትናቴዎስ ይህን ጥያቄ ራሱ ያነሣዋል። ንስሐ ሰውን ከክፉ ሥራው ይመልሰዋል፤ በባሕርዩ ውስጥ የገባውን ሞት ግን አያስወጣለትም፥ ብሎ ይመልሳል። አሳቡን በእኛ ምሳሌ ብንገልጠው፥ መርዝ የጠጣ ሰው ቢጸጸት ጸጸቱ ሁለተኛውን ጽዋ ያስተወዋል፤ አስቀድሞ የጠጣውን መርዝ ግን ከደሙ አያወጣለትም።

ስለዚህ ሊሞት የማይችለው ቃል ሊሞት የሚችል ሥጋን ለበሰ። ያንንም ሥጋ ስለ ሁሉ ለሞት አሳልፎ ሰጠ፤ በእኛ ላይ የነበረውም ዕዳ በእርሱ ተከፈለ። በሥጋው ያደረው ግን ሕይወት ነውና ሞት ይዞ ሊያስቀረው አልቻለም፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣ።

በአንድ ቃል ይቅር ማለት አይችልም ነበርን ለሚለው ጥያቄም በ44ኛው ምዕራፍ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። በመጀመሪያ ምንም ባልነበረ ጊዜ ዓለም ይፈጠር ዘንድ ፈቃዱ ብቻ በቃ፤ አሁን ግን የሚድነው ያልነበረ ነገር ሳይሆን፥ አስቀድሞ የነበረና የታመመ ሰው ነው። ሞት ከሥጋ ውጭ ቢሆን ኖሮ ከውጭ በተነገረ ትእዛዝ በተባረረ ነበር፤ ነገር ግን ከሥጋ ጋር ተዋሕዶ ስለ ነበረ ሕይወትም ከሥጋ ጋር ሊዋሐድ ይገባ ነበር። እንግዲህ ለጠያቂው ልጃችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ኃጢአት ከመዝገብ የሚፋቅ ዕዳ ብቻ ቢሆን ቃል በበቃ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ሞት የሚያደርስ በሽታ ጭምር ነውና ሐኪሙ ራሱ ወደ ሕመምተኛው መጣ።

ሦስት ምሳሌዎች

አትናቴዎስ ጥልቅ ነገርን በቀላል ምሳሌ ማስተማር ያውቃል። ለማስታወስ የሚረዱንን ሦስቱን እንጠቅሳለን።

1ኛ፥ ንጉሥ ወደ አንድ ታላቅ ከተማ ገብቶ ከቤቶቹ በአንዱ ብቻ ቢቀመጥ፥ ከተማው ሁሉ ይከበራል፤ ወንበዴም ጠላትም አይደፍረውም። እንዲሁም የሁሉ ንጉሥ በአንድ ሥጋ ስላደረ በሰው ዘር ሁሉ ላይ የነበረው የጠላት ምክር ፈረሰ።

2ኛ፥ በእንጨት ላይ የተሣለ የሰው መልክ በእድፍ ቢጠፋ፥ ስለ ሥዕሉ ሲባል እንጨቱ አይጣልም። ባለ መልኩ ራሱ ተመልሶ ይመጣና በዚያው እንጨት ላይ መልኩ ይታደሳል። የአብ መልክ የሆነው ልጅም በእኛ የጠፋውን መልክ ሊያድስ መጣ።

3ኛ፥ ገለባን ከእሳት ብናርቀው ለጊዜው አይቃጠልም፤ ገለባነቱ ግን ስላልተለወጠ እሳትን እንደ ፈራ ይኖራል። እሳት የማይበላው አስቤስቶስ የሚባል ነገር ቢለብስ ግን ከእንግዲህ አይፈራም። ሰውም በትእዛዝ ብቻ ከሞት ቢጠበቅ ኖሮ ሟችነቱ አብሮት በኖረ ነበር፤ አሁን ግን ሕይወትን ለብሷል።

አንባቢ ሊመዝነው የሚገባ

የአባቶችን መጽሐፍ በአክብሮት እናነባለን፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ግን አናስተካክለውም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አትናቴዎስ የጣዖትና የአስማት ኃይል በየስፍራው እንደ ወደቀ በታላቅ ደስታ ይናገራል። በዘመኑ ያየው እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በኋላም ተጠምቆ ሳለ በችግሩ ቀን ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚሄድ ሰው አለ። ድሉ በክርስቶስ ተፈጽሟል፤ በእያንዳንዱ ቤት ግን በእምነት መወረስ አለበት።

ደግሞም ከ33 እስከ 40 ባሉት ምዕራፎች ከአይሁድ ጋር ይከራከራል። ከኢሳይያስ 53 እና ከዳንኤል 9 የሚያቀርበው ማስረጃ ሊጠና የሚገባው ነው፤ የአነጋገሩን ቍጣ ግን ልንወርስ አይገባንም። ማርቲን ሉተር ራሱ በ1543 በአይሁድ ላይ የጻፈውን ክፉ ቃል የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በኋለኛው ዘመን በግልጥ ነቅፈውታል።

በመጨረሻም፥ በሉተር ትምህርት ያደገ አንባቢ በዚህ መጽሐፍ ስለ በደልና ስለ ጽድቅ ከተነገረው ይልቅ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት የተነገረው እንደሚበዛ ያስተውላል። ይህ ግን ተቃውሞ አይደለም። ስዊድናዊው የሉተራን ሊቅ ጉስታፍ አውሌን በ1930 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ክርስቶስ ኃጢአትን፥ ሞትንና ዲያብሎስን ድል ነሣ የሚለው የጥንት አባቶች ትምህርት በሉተር ዘንድ እንደ ገና በኃይል እንደ ተነገረ አስረድቷል። በትንሹ ካቴኪዝም የሁለተኛውን አንቀጽ ፍች ያጠና ሰው ይህን ያውቀዋል።

ማስረጃው እኛ ነን

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን። አትናቴዎስ ክርስቶስ ሕያው እንደ ሆነ የሚያስረዳው ከመጻሕፍት ብቻ ጠቅሶ አይደለም። የሞተ ሰው ሥራ አይሠራም፤ ክርስቶስ ግን በየዕለቱ ሰዎችን ከዝሙት፥ ከነፍስ ግድያና ከጣዖት ይመልሳል፤ እንግዲህ ሕያው ነው ይላል። ሞትም እጅና እግሩ ታስሮ አላፊ አግዳሚው እንደሚዘብትበት የተሸነፈ ገዢ ሆኗል፤ ሴቶችና ልጆች እንኳ ስለ ክርስቶስ ሲሉ ይንቁታልና።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር ሸሽተው እንዲያመልጡ ቢለመኑ መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። በሐምሌ 1979 በአዲስ አበባ ተይዘው ተወሰዱና ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም የተገኘው በ1992 ነው። አትናቴዎስ ይህን ቢያይ ኖሮ ከምስክሮቹ ጋር በቈጠራቸው ነበር።

ነገር ግን በ51ኛውና በ52ኛው ምዕራፍ ሌላ ምስክር ይጠራል። እርስ በርሳቸው ይዋጉ የነበሩ፥ ያለ ሰይፍ የማይውሉ አሕዛብ የክርስቶስን ትምህርት በሰሙ ጊዜ ጦርነትን ትተው ወደ እርሻ ተመለሱ፤ ይዋጉበት የነበረውንም እጅ ለጸሎት ዘረጉ ይላል። የኢሳይያስ 2፥4 ትንቢት በዓይናችን ፊት ተፈጸመ ብሎ ለግሪክ ፈላስፎች ያቀርብላቸዋል።

የአገራችን ሰው ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት፥ ተፋላሚዎቹ በየወገናቸው የክርስቶስን ስም ይጠሩ ነበር፤ የወደቁት ልጆች እናቶችም በአንድ ዓይነት ጸሎት አለቀሱ። ዛሬ አንድ ጠያቂ የአትናቴዎስን መጽሐፍ ገልጦ «ይህ ማስረጃ በእናንተ ዘንድ የት አለ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

የክርስቶስ ትንሣኤ በእኛ መልካምነት የሚጸና፥ በእኛም ክፋት የሚፈርስ አይደለም። እርሱ ስለ ኃጢአተኞች ሞቶ ተነሥቷል፤ የእኛም ተስፋ ይኸው ነው። ምስክርነታችን ግን ከኑሯችን ጋር ይቆማል ወይም ይወድቃል። ጎረቤቱን በዘሩ ምክንያት የሚጠላ ሰው ስለ ቃል ሥጋ መሆን አሳምሮ ቢከራከር፥ ክርክሩን ቢረታም እንኳ ሰሚውን አያገኘውም። ሃይማኖትን በመልስ መጠበቅ የሚጀምረው ከተጣሉት ወንድም ጋር በመታረቅ ነው።

እንዴት እናንብበው?

አትናቴዎስ መጽሐፉን የሚፈጽመው ይህን በሚመስል ምክር ነው። የፀሐይን ብርሃን ሊያይ የሚወድ አስቀድሞ ዓይኑን ያጠራል፤ አንድን አገር ሊያይ የሚወድም ወደዚያ አገር ይሄዳል። እንዲሁም የቅዱሳት መጻሕፍትን ጸሐፊዎች አሳብ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ኑሮውን አጥርቶ የእነርሱን አካሄድ ይከተል ዘንድ ይገባዋል። የጻፈውም ነገር መጀመሪያ ብቻ እንደ ሆነና አንባቢው መጻሕፍትን ራሱ እንዲመረምር ይነግረዋል።

ስለዚህ መጽሐፉን ብቻችንን ከማንበብ ይልቅ በማኅበር ብናነበው ይሻላል። የውጭ ቋንቋ የተማሩ ወጣቶች እያነበቡ ይተርጕሙ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የበሰሉ ሽማግሌዎችም ጥቅሶቹን እያወጡ ያስረዱ። በአራት ምሽት ሊፈጸም ይችላል፦ በመጀመሪያው ከ1 እስከ 10፥ በሁለተኛው ከ11 እስከ 32፥ በሦስተኛው ከ33 እስከ 40፥ በአራተኛው ከ41 እስከ 57 ያሉትን ምዕራፎች። እንዲህ ሲሆን የሚጠይቀው ልጅና የሚጨነቅለት አባት በአንድ መብራት ዙሪያ ይቀመጣሉ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ፥ ንስሐ ብቻውን ሰውን ከሞት ለማዳን የማይበቃው ስለ ምንድር ነው? ሮሜ 5፥12-21ን አንብባችሁ መልሱ።

2ኛ፥ ከሦስቱ ምሳሌዎች ለጎረቤታችሁ ለማስረዳት የሚቀልላችሁ የትኛው ነው? በራሳችሁ ቃል ተናገሩት።

3ኛ፥ በአጥቢያችሁ ተጣልተው የታረቁ ሰዎች አሉን? እርቃቸው በውጭ ላሉት ስለ ክርስቶስ ምን ነገራቸው? ገና ያልታረቁም ካሉ፥ ማን ይሂድላቸው?

ሥጋችንን ለብሶ በመካከላችን ያደረው ጌታ ለመልሳችን ቃልን፥ ለኑሯችንም ሰላምን ይስጠን። አሜን።