አንድ መልእክት ለብዙ ቡድኖች

ካፉሪ በካርቱም ባሕሪ፥ ከጥቁር ዓባይ ማዶ የሚገኝ ሰፈር ነው። በሱዳን ዋና ከተማ ጦርነት የተቀሰቀሰው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ በዓል ዋዜማ ነበር። በከተማዪቱ ለሥራ የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዘመድ የጠፋበት ሰው በእጅ ስልክ ወደ ተቋቋሙ የመልእክት ቡድኖች ሁሉ ይጮኻል። ይህም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሥርዓት አለው።

ለምሳሌ፥ በካፉሪ በቤት ሠራተኛነት የምትኖር የአንዲት ልጅ ድምፅ ቢጠፋ፥ ጎንደር ያለው ወንድሟ ስሟንና ፎቶግራፏን ለአምስት ቡድኖች ይልካል። ከስምንት ቀን በኋላ ልጅቱ በደኅና መተማ ትደርሳለች። ወንድሟም በደስታ ተውጦ ምሥራቹን ለአንዱ ቡድን ብቻ ይነግራል። በቀሩት በአራቱ ዘንድ ግን ልጅቱ እስካሁን እንደ ጠፋች ናት። የማያውቋት ሰዎች ይፈልጓታል፤ ከእነርሱም አንዱ ጥይት በሚተኮስበት ሰፈር ቤቷን ሊያንኳኳ ይሄዳል።

ስለዚህ መልእክት ላኪ የሚከተሉትን ይጠብቃል፦

1. መልእክቱን ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ቡድኖች ብቻ ይልካል። አንድ ሰው የብዙ ቡድኖች አባል ሊሆን ስለሚችል፥ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ሲያይ ይሰለቻል፤ በመጨረሻም ሳያነብ ያልፋል።
2. መልእክቱ ለየትኞቹ ቡድኖች እንደ ተላከና መልሱ ለማን እንደሚሰጥ ይጽፋል።
3. ቀኑንና ሰዓቱን ያመለክታል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ በሱዳን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በሰፊው ተቋርጦ ነበር፤ መሥመር ሲመለስ የቆየ ወሬ አዲስ መስሎ ሊደርስ ይችላል።
4. ነገሩ ሲፈጸም ወይም ስሕተት ሲገኝበት፥ መጀመሪያ ለላከላቸው ሁሉ ያስታውቃል።

የሞት ወሬ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። በአገር ልማድ መርዶ የሚነገረው ዘመድና ጎረቤት ተሰባስቦ፥ በማለዳ፥ ሐዘንተኛውን ደግፎ ነው። የዕድር ጥሩምባ ነፊም የሚለፍፈው ቤተ ሰቡ ካወቀ በኋላ ነው። እናት ያልሰማችውን ሞት ለቡድኖች የሚበትን ሰው፥ መርዶዋን ብቻዋን ሳለች ከስልክ ላይ እንድታነብ ያደርጋታል።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ የተላከ መልእክት በቀላሉ አይመለስም። መልእክቱን በየደጁ ያደረሰ ሰው እርማቱንም በየደጁ ማድረስ ግዴታው ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ መርዶ፥ ምሥራች፥ ዋዜማ፥ ለፈፈ።

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. የልጅቱ ወንድም ጥፋት ምንድን ነው? በማንስ ላይ አደጋ አስከተለ?
2. የመርዶ አነጋገር ልማድ ለዛሬው የስልክ መልእክት ምን ያስተምራል?
3. የጠፋ ሰው መገኘቱን ለብዙ ቡድኖች የሚያበሥር አጭር መልእክት ጻፉ።