ስንት መስመር አነበብሁ?

በሬ የከሳ እንደሆነ ጎኑን አይተን እናውቃለን። የፊደል መክሳት ግን በዓይን አይታይም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች እየተሰጠ ብዙ ሚሊዮን ሰው አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ለአገራችን አስገኝቷል። ሆኖም የምስክር ወረቀታቸውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ውሎ አድሮ ፊደሉን የረሱ ብዙዎች ነበሩ። በገጠር የሚነበብ ነገር ጥቂት ነበር። ደግሞም መርሳታቸውን ያወቁት ከረሱ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገበያ ስትመለሱ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዛችሁ ግቡ። ገጹን በመስመር ከሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ቀኑን ጻፉ፤ «ሚካኤል» ወይም «ማርያም» ብትሉም 12 እና 21 መሆኑ ይታወቃል። በሁለተኛው ያነበባችሁትን መስመር ብዛት፣ በሦስተኛው ከመጽሐፍ ሳትገለብጡ ከራሳችሁ የጻፋችሁትን ቃል ብዛት አስፍሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ገጹን በቃሉ የያዘ ሰው የሚያነብ ይመስለዋልና! ይህን ለመፈተን ከገጹ መካከል ጀምሩ፤ ወይም ከታች ወደ ላይ ቃል በቃል አንብቡ።

ምን እንጻፍ ትሉ ይሆናል። በርበሬ ሸጣችሁ እንደሆነ ኪሎውንና የተቀበላችሁትን ብር ጻፉ። የማዳበሪያ ዕዳ ካለ ስንት እንደተከፈለ፣ ስንት እንደቀረ ጻፉ። በብድር ወረቀት ላይ በአሻራ ፈንታ ፊርማ ማኖር ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚፈርምበትን ያላነበበ ሰው ከአሻራው በምን ተሻለ?

ቁጥሩ ሁልጊዜ ሽቅብ አይወጣም። በጥር 10 መስመር ያነበበ ሰው፣ በሐምሌ ዝናቡና አረሙ ሲበረታ 2 ቢያነብ አያስደንቅም። ጨርሶ ያላነበባችሁበት ቀን ሲኖር 0 ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትዝለሉት። ደብተሩን ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም፤ ማንን ልትዋሹ? 0 ብቻ ሦስት ሳምንት ከተከታተለ ግን ተማሪ ልጃችሁን ጠርታችሁ ማታ በኩራዝ አብራችሁ አንብቡ። እናቶች እንጀራውም ውኃውም በእነሱ ላይ ስለሆነ ጊዜ የለንም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እንግዲያው አባትዮው ለዚያች ጥቂት ጊዜ ሕፃኑን ይያዝ።

ዛሬ የዚህን ጽሑፍ መስመሮች ቆጥራችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር አስፍሩ።